ሶፍት የሚጠጣውም የሚጠነክረውም በድብልቁ ነው

ደገሀቡር ላይ ሩዝና የግመል ሥጋ በእጁ የበላ ሰው ከእጅ ውሃው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሶፍት ነው። ዝናብ በራቀበት ወር ውሃው በቁጠባ ስለሚቀዳ ቅባቱን የማንሳቱ ሥራ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። አንዱ ሶፍት ተበጣጥሶ ጣት ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው ረጥቦ ተጨምቆም አይቀደድም። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ከእንጨት የመጡ ናቸው። የሚለያቸው የቃጫቸው ዓይነት፣ አደባለቁና የሚጨመርበት ነገር ነው።

እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በመሰል ኬሚካሎች ሲቀቀል አጣብቆ የያዘው ነገር ይሟሟና ከፀጉር የቀጠኑ ቃጫዎች ይቀራሉ። ይህ ፐልፕ ይባላል። ፐልፑ በውሃ ይበረዛል፤ ወንፊቱ ላይ ሲፈስ ከመቶው ከ99 የሚበልጠው ውሃ ነው። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲደርቅ ቃጫዎቹ ይቀራረቡና ያለ ሙጫ በራሳቸው ይያያዛሉ። ሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ነው የሚያያይዛቸው። ይኸው ትስስር ግን ውሃ ተመልሶ ሲገባ ይፈታል።

የሶፍት ሠሪው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፐልፑን በማሽን አጥብቆ ቢደቁሰው ቃጫው ተላልጦ ይበልጥ ይያያዛል፣ ወረቀቱም ይጠነክራል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ስለሚደፈን ውሃ መግቢያ ያጣል። ሳይደቁስ ቢተወው ደግሞ ወረቀቱ ውሃ በደንብ ይጠጣል፣ ጥንካሬ ግን የለውም። ከአንድ ዓይነት ቃጫ ብቻ ሁለቱንም ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ ይደባለቃል። የጥድ ቃጫ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የባሕር ዛፍ ቃጫ ግን 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጭቃ ቤት በማገርና በጭድ እንደሚቆም ሁሉ ረጅሙ ቃጫ ወረቀቱን ይሸከማል፣ አጭሩ ደግሞ በመሃሉ ገብቶ ልስላሴና ጥቃቅን ክፍተት ይሰጠዋል። ጥሩ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ደራርቦ ያፈሳቸዋል፦ ባሕር ዛፉ ቆዳ በሚነካው ገጽ፣ ጥዱ በውስጥ። ከዚያ ስስ ወረቀቱ በእንፋሎት በጋለ ትልቅ የብረት ከበሮ ላይ ይደርቅና በስለት ተፍቆ ይነሳል። ሲፋቅ ይሸበሸባል። ሶፍትን ከደብተር ወረቀት የሚለየው ይህ ሽብሽብ ነው፤ የመለጠጥ አቅሙም ውሃ የሚቋጥርባቸው ኪሶችም ከእሱ ይመጣሉ። ለወጥ ቤት የሚሸጠው ወፍራሙ ወረቀት ሲረጥብ እንዳይፈታ ሬዚን የሚባል ማጣበቂያ ይጨመርበታል። የመጸዳጃ ሶፍት ላይ ግን ይህ አይደረግም፤ ውሃ ውስጥ መበተን አለበትና።

ማደባለቁ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ105 እ.ኤ.አ. ወረቀት አሠራርን አሻሻለ የሚባለው ቻይናዊው ሳይ ሉን የዛፍ ልጣጭ፣ ቡትቶና አሮጌ የዓሣ መረብ ቀላቅሎ እንደነበር ይነገራል። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲያጥር የአሜሪካው ኪምበርሊ ክላርክ ከእንጨት ፐልፕ የቁስል ማሸጊያ ሠራ። ነርሶች ለወር አበባ ተጠቀሙበት፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ኮቴክስ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ክሊኔክስ ከዚያው ቤት ወጡ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለቱም ወገን ደጃችን ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ኮረብታውን ሞልቷል፤ እኛ የምናውቀው ግን ለማገዶና ለአጣና ነው። ረጅሙን ቃጫ እንሰት ይሰጣል። እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈው ቃጫ በአብዛኛው ገመድና ጆንያ ነው የሚሆነው፤ የቅርብ ዘመዱ የፊሊፒንሱ አባካ ግን በዓለም ሁሉ የሻይ ከረጢት ወረቀት ይሠራበታል፣ ምክንያቱም የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አይበጠስም። ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ አለ፤ አጠገቡ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካ አገዳ ይጨምቅ ነበር። በሌሎች አገሮች ከተጨመቀ አገዳ የሚተርፈው ገለባ ራሱ ወረቀት ይሆናል። እኛ ግን ፐልፕ በዶላር ገዝተን እናስገባለን፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ደገሀቡር ዙሪያ ያሉት የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶች ደግሞ ቃጫን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ገሎል ከሚባለው ግራር ልጣጭ ለተንቀሳቃሹ ቤታቸው ለአቃል ምንጣፍና ገመድ ይሠራሉ፤ ሒግ ከሚሉት ሰይፍ መሳይ ቅጠል ካለው ተክልም ጠንካራ ቃጫ ያወጣሉ። ሃን የተባለው የወተት ዕቃ ደግሞ በጣም ተጠጋግቶ ከተጎነጎነ የሥር ቃጫ የተሠራ ነው፤ ሲረጥብ ቃጫው ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋል። ሶፍትን የሚፈታው ውሃ እዚህ ጥቅም ሆኗል። ይህን ሁሉ አይቶ ገሎልን ለፋብሪካ የሚመኝ ካለ ግን አልስማማም። ዛፉ በከሰል አክሳዮች ተጎድቷል፣ ልጣጩ ዙሪያውን የተገፈፈ ዛፍም አይተርፍም። ሒግና መሰሉ የቃጫ ተክል ሲሳል ይሻላሉ፤ ቅጠላቸው ሲቆረጥ ተክሉ መልሶ ያበቅላል።

ታዲያ ፋብሪካው ደገሀቡር ይቁም? ፐልፕ ማብሰሉና ወረቀት ማፍሰሱ እዚያ አይሆንም። የአካባቢው ጀረር ወንዝ የሚፈሰው ዝናብ ሲጥል ነው፤ ዘመናዊ ፋብሪካ እንኳ ለአንድ ቶን ሶፍት ብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ይፈልጋል፣ ያንን ውሃ ሰውና ግመል ይፈልጉታል። ሥራው ግን ለሁለት ይከፈላል። በአገራችን ሶፍት አምራች ከሚባሉት አንዳንዶቹ ወረቀቱን ጨርሶ አይሠሩም፤ ጃምቦ ሮል የሚሉትን ግዙፍ ጥቅል ገዝተው ይተረትራሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ፣ ያሽጋሉ። ይህ ደረቅ ሥራ ነው። መብራትና መጋዘን እንጂ ወንዝ አይጠይቅም፤ ጅግጅጋም ደገሀቡርም ሊሠራ ይችላል። የደረቀ የሒግ ወይም የሲሳል ቃጫም ጥቅሉ በመጣበት መንገድ ውሃ ወዳለበት ፋብሪካ መሄድ ይችላል፤ ቀላልና የማይበላሽ ጭነት ስለሆነ ለባዶ ተመላሽ መኪና ይመቻል።