ከዳኝነት ወደ ጥብቅና፣ ከጥብቅና ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፦ የመዓዛ አሸናፊ የሥራ ዘመን

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው በሰፊው ተነግሯል፤ ይሁን እንጂ በታሪካቸው ውስጥ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ሹመቱ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው የዳኝነት ዘመናቸው ካበቃበት እስከዚያ ቀን ድረስ ያሉት 26 ያህል ዓመታት ናቸው።

አዲስ አበባ ያለው ይህ ወንበር ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው የጠዳ ከተማ ምን ይፈይዳል ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በፍርድ ቤቶች አወቃቀር ነው። የጠዳ ነዋሪ ክርክሩን በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጀምሮ፣ በይግባኝ፣ ማለትም የበታች ፍርድ ቤት ውሳኔ በበላዩ እንዲታይ በሚቀርብ አቤቱታ፣ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊያደርሰው ይችላል። በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን የሚመረምረው ሰበር ሰሚ ችሎት ይባላል፤ የፌዴራሉ ሰበር ለአንድ ሕግ የሰጠው ትርጉምም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር ስለሚያስገድድ፣ እዚያ የተወሰነው ጠዳም ይሠራል።

በ1956 ዓ.ም. አሶሳ የተወለዱት መዓዛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ1981 እስከ 1984 ዓ.ም. ገደማ በዳኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ ቀጥሎም የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ላዘጋጀው ኮሚሽን በአማካሪነት ሠርተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ነገር ግን ከሥሩ ያሉት ዝርዝር ሕጎች የቀድሞዎቹ ነበሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ሲያደርገው፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ወንጀል ካለ በኋላ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር። በፈቃዷ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ጥሩ ቢመስልም፣ ልጅቱ በጠላፊው እጅ እያለች ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ በእርቅ በሚያልቅበት አገር፣ ይህ ድንጋጌ በተግባር ለጠላፊው መውጫ በር ነበር።

መዓዛ ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረቱት በዚህ ክፍተት ላይ ለመሥራት ነው። ማኅበሩ ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ እየሰጠ፣ ጎን ለጎን ሕጎቹ ራሳቸው እንዲለወጡ ይወተውት ነበር። በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በሰው መግደል ስትከሰስ ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቱ ራስን የመከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው፣ ሜሮን ጌትነት መዓዛን ሆና የተወነችበት «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻው ይህ ጉዳይ ነው። ማኅበሩ በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ታግዶ ጥቂት ሳይቆይ መልሶ ተፈቅዶለታል።

በእነዚያ ዓመታት ሕጎቹ ተራ በተራ ተለወጡ፦ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ሲያደርግ፣ የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ አማራ ክልል የራሱን በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ይህ ሁሉ የአንድ ሴት ሥራ ነው ማለት ግን የብዙ ሴቶችን ድካም መካድ ይሆናል።

ወደ ዳኝነት ወንበር የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፦ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ጄን ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ በቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ተሹመው ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ከወንበሩ ሳይለዩ ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ የሆኑት ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ግን በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሩባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ያሸነፉ የፀረ ዘር መድልዎ ተሟጋች ጠበቃ ነበሩ። የመዓዛ መንገድ ለሞትሊ ይቀርባል።

በመዓዛ የፕሬዚዳንትነት ዘመን የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የወጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተከራካሪዎች በፍርድ ቤቱ አማካይነት የሚስማሙበትን አስማሚነት ሥርዓት አስገብቷል። ፍርድ ቤት የፈቀደውን ዋስትና ፖሊስ ያላከበረባቸው ጉዳዮች በዚያው ዘመን መታየታቸው ግን፣ አዋጅ ብቻውን ለፍርድ ቤት ሥልጣን እንደማይሰጥ አሳይቷል። መዓዛ በገዛ ፈቃዳቸው ያቀረቡት መልቀቂያ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ።

ስለዚህ ከወንበሩ ይልቅ የጥብቅናው ዘመን ሥራ ይበልጣል ማለት ይቻላል። ማሳያውም የጠለፋው መውጫ በር መዘጋቱ ነው፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 መሠረት ሴትን በኃይል ለጋብቻ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ተጠያቂነቱን አያስቀርም።