የማን ልጅ ነህ?

በሀገራችን መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ የእግዜር ሰላምታውን ካቀረበ በኋላ ስሙን ትተው አባቱን የሚጠይቁት ሽማግሌዎች፣ «የማን ልጅ ነህ?» ማለታቸው ነገር ፍለጋ አይደለም፤ ሰውየው በየትኛው የትውልድ ሐረግ ላይ እንደ በቀለ ዐውቀው በመደቡ ላይ ተገቢውን ስፍራ ሊሰጡት ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ መጽሐፉን በልደት ቍጥር መጀመሩ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ያልሆነውም ስለዚህ ይመስለኛል። በየአህጉሩ ዛሬ ስለ ማንነትና ስለ ቤተ ዘመድ የሚጻፈው ግጥምና አጭር ዝርው ድርሰት፣ ቋንቋው ቢለያይም፣ የሚዞረው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ብዕሩ የሚነሣው ጥያቄው መልስ ባጣበት ስፍራ ነው።

መልሱ ሞልቶ የተረፈበትን ስፍራ ማየት የፈለገ፣ ከዲላ በስተደቡብ ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው ወደ ኢዲዶ መንደር ይሂድ። ቡናው ከእንሰቱ ጋር፣ እንሰቱም ከሀገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርቦ በሚበቅልበት በዚያ ምድር፣ ጌዴኦዎች በቃል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካቸው ራሳቸውን ከአንድ አባት ከደራሶ፣ ከእርሱም ከተወለዱት ሰባት ልጆች ይቈጥራሉ፤ ሰባቱ ጎሣዎችም አራቱ በአንድ ወገን፣ ሦስቱ በሌላው ቤት ናቸው። ሰው በጎሣው ብቻ ሳይሆን፣ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሚሸጋገርበት በባሌ ሥርዓት በዕድሜ እርከኑም፣ ሽማግሌዎች በሚመክሩበት በሶንጎውም ይታወቃል። ይህ የኑሮ ሥርዓት ከነመሬቱና ከነጥንታውያን ትክል ድንጋዮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

«ኢዲዶ» የሚለው ስም ግን ከባለቤቶቹ ቀድሞ ባሕር ተሻግሯል። በአውሮፓና በአሜሪካ የቡና ከረጢቶች ላይ ታትሞ፣ ከበታቹም ስለ ጽጌና ስለ ሎሚ መዓዛ የሚያወሳ ሦስት መስመር ዝርው ተጽፎ ይገኛል። እኔ በበኩሌ ይህንንም ከአጫጭር ድርሰቶች እቈጥረዋለሁ፤ ጉድለቱ ሰው የሌለበት መሆኑ ነው። ስም ርስት መሆኑን ለመረዳት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» ለሚሉት ስሞች ያደረገውን ክርክር ማስታወስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ለኢትዮጵያ የሚያውቅ ውል ፈርሟል።

የመሬት ስም ተሟጋች ሲያገኝ፣ በዚያው በባሕር ማዶ ስሙን ተነጥቆ ያደገ ሕፃን ነበረ። ባለቅኔው ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ ሀገር ለትምህርት ከሄደች ኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ፤ ለጊዜው ለአሳዳጊ ይሰጥልኝ ያለችውን ልጅ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው «ኖርማን» ብሎ ሰይሞ ለሌላ ቤተ ሰብ አስረከበው። በ12 ዓመቱ ያ ቤተ ሰብ መልሶ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ ሊወጣ ሲል ነው የልደት ወረቀቱ ላይ እውነተኛ ስሙን ያነበበ፤ ልጇ እንዲመለስላት እናቱ የጻፈችውን ደብዳቤም ያየ። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስሜ ለምን ነው» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው አንዱ ፍች ይወድቃል፣ በእኛ ልሳን ግን ያለ ቅኔ መምህር ሰምና ወርቅ ሆኖ ይቆማል። መጠሪያውና ጥያቄው አንድ ቃል ናቸው።

ከእርሱ በፊትም የስደት ቅኔ ነበረ። የኔታ ቤት የዋለ ሁሉ በግእዙ ዳዊት 136ኛ ሆኖ የሚቈጠረውን የባቢሎን ምርኮኞች መዝሙር ያውቃል። ከሀገራችን ባለቅኔዎችም ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአሜሪካ በኦክላሆማ፣ «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበል በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው ሰሎሞን ደሬሳም በሚኒያፖሊስ ዐርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ ያሰናዱት የአማርኛ ግጥም መድበል በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። ደስ ይለኛል፤ ሆኖም በጌዴኦዎች ቋንቋ በጌዴኡፋ የምትቀኘው እናት ወይም የሚቀኘው ሽማግሌ በየትኛው መድበል ይገባ ይሆን እያልሁ መቅናቴን አልደብቅም።

ያቺ «የማን ልጅ ነህ?» የምትል ደግ ጥያቄ ግን በ2010 ዓ.ም. በዚያው በጌዴኦ ምድር መልኳን ለውጣ ነበር። በጌዴኦና በጎረቤቱ በጉጂ ሕዝብ መካከል ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ ከሁለቱም ወገን ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ጎረቤታሞች «የማን ልጅ ነህ?» ሲባሉ ለመመለስ የሚፈሩ ሆኑ። እንግዳን ወደ መደብ ታስቀምጥ የነበረችው ቃል ሰውን ከጓሮው የምታስወጣ ሆነች።

የዚያ ጓሮ ተክል እንሰት ነው፤ እንሰትን ዘርቶ የሚያበቅል ገበሬ ግን ብዙ የለም። ሥሩ ተቆፍሮ፣ የእድገት እምብርቱ ተፈልቅቆ ከአፈር ይቀበራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ እናት ብዙ ችግኝ ይፈላል። ያም ችግኝ በበቀለበት አይቀርም፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዳገሩ ልማድ ሦስት ጊዜም እየተነቀለ በሌላ ስፍራ ይተከላል። ከስደት ተመልሶ ጓሮው ባዶ ሆኖ የቆየው ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቆጮውን ለመብላትም ገና ዓመታት ይጠብቃል።