ማሸትና የወጌሻ እጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች የቆሙባትን ጥያን ያገኛል። አካባቢው የእንሰት አገር ነው። እንሰት የምትፍቅ ሴት ከመሬት ተቀምጣ፣ ልጡን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በተረከዝዋ ደግፋ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ስትፍቅ ትውላለች። ማታ ትከሻዋ ይጠጥራል፤ ወገቧም አልቃና ይላል። ያን ጊዜ ቅቤ የተቀባ እጅ ይፈለጋል።

«ማሸት» የሚለው ቃል «አሸ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። እሸት በመዳፍ ይታሻል፤ ቆዳ ይታሻል፤ የደከመ ገላም ይታሻል። በዚህ ሙያ የታወቀውን ሰው ወጌሻ እንለዋለን። በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ባለሙያ ማለት ነውና የሁለቱን ቃላት መቀራረብ ልብ በሉ። ቃሉ በገጠር ብቻ የቀረ አይደለም፤ በኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውም የቡድኑ ወጌሻ ይባላል።

ለመሆኑ የሚታሸው ምንድን ነው? ክትፎ ሲዘጋጅ አይታችሁ እንደሆነ፣ ሥጋው ከመከተፉ በፊት ጅማቱና ነጣ ያለው ስስ ሽፋን ተለይቶ ይወጣል። ሐኪሞች ፋሺያ የሚሉት ይህንኑ ሽፋን ነው። ፋሺያ ጡንቻን ከውጭ ይሸፍናል፤ ወደ ውስጥም ዘልቆ እንደ ቃጫ የቀጠኑትን የጡንቻ ክሮች በየነዶው ያስራል። በሽፋኖቹ መካከል የሚያንሸራትት ፈሳሽ አለ። ጡንቻ ለረጅም ሰዓት በአንድ አኳኋን ሲሠራ ወይም ሲጎዳ ይህ መንሸራተት ሊቀንስ ይችላል።

ጥልቅ ማሸት የሚባለው በአውራ ጣት፣ በጭብጥ ወይም በክርን ቀስ ብሎ እየጠነከረ የሚሄድ ጫና ነው። ማዮፋሽያል ሪሊዝ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቅባት አይፈልግም፤ እጁ ሳይንሸራተት ሽፋኑን በለዘብታ ወጥሮ ለደቂቃዎች ይይዛል። በ1961 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ጃኔት ትራቬል፣ በጡንቻ ውስጥ ያለ ቋጠሮ ሕመሙን ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚልክ በሰፊው አስረድተዋል፤ የትከሻ ቋጠሮ በራስ ላይ ሊሰማ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ፋሺያ ጠንካራ ነው፤ በእጅ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። እፎይታው በአብዛኛው የሚገኘው ነርቮች ተረጋግተው ጡንቻው ሲላላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቆይም። «ካላመመ አያድንም» የሚሉትን አትስሟቸው፤ ብርቱ ጫና ሰውነትን ከማበለዝ በቀር ትርፍ የለውም።

ትኩሳት ያለበት ሰው፣ ያበጠና የሚያቃጥል ባት፣ የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሹም። ከሁሉ የከፋው ግን የተሰበረ አጥንት ነው። ልምድ ያለው ወጌሻ ወለምታን ያስታግሣል፤ ስብራትን አሽቶ በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ሲያስር ግን አደጋ ይመጣል። የተሰበረው እጅ ወይም እግር ከታሰረ በኋላ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ደም መተላለፊያ ሲያጣ ሥጋው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

ምልክቶቹን ማንም ሊያያቸው ይችላል። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ይሄዳል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ይደነዝዛሉ፤ ይገረጣሉ ወይም ይጠቁራሉ፤ ሕፃኑ ጣቱን ሲያቃኑለት ይጮኻል። ይህን ያየ ሰው፣ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ቢሆንም እንኳ፣ ማሰሪያውን ወዲያው ያላላ። ቡታጅራ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና እስኪገኝ ድረስ እንኳ መጠበቅ አይገባም።