ጽኑ የታመመ የትዳር ጓደኛን በቤት ማስታመም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ጽኑ ሕመምተኛ ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው ቤቱ ተኝቶ ነው። ሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አላቸው። ካንሰርንና የመሳሰለውን ከበድ ያለ ሕመም ግን ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩታል። ባሕር ዳር ከፍኖተ ሰላም ወደ 176 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል፤ የቀረው ሥራ በትዳር ጓደኛው እጅ ይወድቃል።

ቀድሞ የሚናጋው የቤቱ የሥራ ክፍፍል ነው። ባል ሲተኛ የሚያርስ ይጠፋል፤ በገጠሩ ልማድ ሴት ዕርፍ አትጨብጥምና ማሳው ጦም እንዳያድር ጎረቤት በሬውን ጠምዶ በደቦ ይደርስላታል። ሚስት ስትተኛ ያለው ችግር ግን ከውጭ አይታይም። እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ባል ምጣድ ሥር ይቀመጣል፤ ገላዋን ማጠብና ልብሷን መለወጥም የእሱ ነው። በዚህ ሊያፍር አይገባም፤ በቁርባን የተጋቡ አንድ አካል ናቸው የሚለው ትምህርት በተግባር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁን ጥንቃቄ የሚሻው የሕመምተኛው ገላ ነው። መደብ ላይ በተነጠፈ ጀንዲ ሳይገላበጥ የሚውል ሰው የወገቡ ግርጌ፣ ዳሌውና ተረከዙ መጀመሪያ ይጠቁራል ወይም ይሞቃል፤ ቀጥሎ ይላጣል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቁስል ይሆናል። መከላከያው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ከጀንዲው በላይ ጋቢ ደርቦ ማንጠፍ፣ ተረከዙ መኝታውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የታጠፈ ነጠላ ማድረግ ነው። ሲያገላብጡ መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል፤ ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላ ማንሳት ይሻላል። አጥሚት የሚሰጠው ደግፎ ካስቀመጡት በኋላ ነው፤ በጀርባው እንደተኛ ቢግቱት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የካንሰርን ስቃይ ዝም ብሎ መቻል እንደ ጽድቅ መቆጠር የለበትም። ሐኪም የሚያዛቸው፣ እስከ ሞርፊን የሚደርሱ ማስታገሻዎች አሉ፤ ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻውም አብሮ ይጠየቃል።

አስታማሚን እጅግ የሚያስጨንቀው የጠበልና የመድኃኒት ነገር ነው። ጠበል የገባ ሰው ኪኒን ከዋጠ እምነቱ ጎደለ የሚል ወሬ በየጠበሉ ይሰማል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ፈሳሽ እንዲቀንስ የታዘዘ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛም ጠበሉን ይረጫል፣ በጉንጭ ይቀምሳል እንጂ በጆግ አይጠጣም። ጾምም ሕመምተኛን አያስገድድም። ይህን ጎረቤት ከሚነግረው የንስሐ አባቱ ራሳቸው ቢነግሩት ወተቱንና እንቁላሉን ያለ ጸጸት ይወስዳል። በያዕቆብ መልእክት 5፥14 ላይ የተመሠረተው ምስጢረ ቀንዲልም ለፈውስ የሚጸለይ ነውና እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መቆየት የለበትም። በሙስሊም ቤተሰብም ዱዓውና ሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

አስታማሚውም ይታመማል። እንቅልፍ ያጣል፣ ወገቡ ይያዛል፣ ንዴቱ ይቀርበዋል፤ ከዚያ በመናደዱ እግዚአብሔርን የበደለ ይመስለዋል። «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ጠያቂ አስታማሚዋን ቢያጽናናም ሥራ ያበዛባታል። የሚያሳርፋት ውኃ ቀድቶ ወይም እንጀራ ይዞ የሚመጣው፣ ከሁሉም «ዛሬ እኔ አድራለሁ፣ አንቺ ተኚ» የሚላት ነው። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ አዳሪውን በተራ ሊመድቡ ይችላሉ፤ እድርም ቀብር እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የመጀመሪያዎቹ አማካሪዎች እነሱ ናቸው። የሕመምተኛው ቁስል ከሸተተ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ጊዜ ሳይሰጡ በወሳንሳም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።