ጥቍሩ ጀበና

የጀርመን ሸክላ ሠሪዎች በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ያወጧቸው የአበባ ማስቀመጫዎች ዛሬ በየአገሩ ፈላጊና ሰብሳቢ አላቸው፤ ሸዩሪክንና ባይን ከመሳሰሉ ፋብሪካዎች የወጣውን ዕቃ ገልብጦ ታቹን የሚያይ ሰው «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሕፈት ሲያገኝ በ1949 እና በ1990 መካከል መሠራቱን፥ ከቁጥሮቹም ብዙውን ጊዜ ፊተኛው የቅርጹ መለያ፥ ኋለኛው የቁመቱ ልክ በሳንቲሜትር መሆኑን ይረዳልና፥ ለሰብሳቢ እጅግ የተመቹ ናቸው። በጭላሎ ተራራ ሥር በአሰላ ተቀምጦ ጀበና ለሚሰበስብ ሰው ግን እንዲህ ያለ ማኅተም ስላልተሰጠው፥ የሠሪዋን ማንነት ከራሱ ከሸክላው ላይ ማንበብ ግዴታው ይሆናል፤ እኔም ለዚህ ንባብ ያለኝ ፍቅር በየዓመቱ እየጨመረ ሄዷል።

ጀበና ሆድ፥ አንገትና ጆሮ ያለው፥ በማቶት ላይ የሚቀመጥ የቡና ማፍያ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያሻም። በመካከለኛው አገር የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የጎን መቅጃ ሲኖረው፥ በትግራይና በኤርትራ ቡናው የሚቀዳው በአንገቱ ነው።

ስለ ጥቍረቱ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ቀለም የተቀባ ይመስላቸዋልና። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር አስማምታ፥ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ብቻ ቅርጹን ካወጣች፥ በጥላ ካደረቀችና በለስላሳ ድንጋይ ካሸችው በኋላ በእሳት ስትተኵሰው፥ ዕቃው በመጀመሪያ የሚወጣው ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ «እማማ፥ ይህን ጥቍረት ከምን አመጡት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ጢስ አጠጥቼው ነዋ!» አሉና፥ ፍም መስሎ የጋለውን ጀበና በረጅም እንጨት ከእሳቱ አንሥተው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አጋደሙት፤ ወዲያውም የገብስ እብቅ አለበሱት። ከእብቁ ሥር ወፍራም ቢጫ ጢስ ወጣ፤ ጥቂት ቆይተው ሲገልጡትም ጀበናው ከአንገቱ እስከ ታቹ ጠቍሮ ያብረቀርቅ ነበር።

የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው፤ የታፈነው እብቅ አየር አጥቶ በሙሉ መንደድ ሲሳነው፥ ከጢሱ የሚለየው ረቂቅ ካርቦን ገና በጋለው ሸክላ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ስለዚህም ጥቍረቱ ከሸክላው አካል ጋር የተዋሐደ ነው። ማስረጃ የሚሻ ሰው ለብዙ ዘመን የተሠራበትን ጀበና ገልብጦ ጥላሸቱን በጣቱ ይጥረግ፤ ፍሙ ዘወትር በነካው ስፍራ፥ አየር ያገኘው ካርቦን ተቃጥሎ ስላለቀ፥ የሸክላው የጥንት ቅላት ተመልሶ ይታየዋል። ይህ ቀይ ክብ ለእኔ ጀርመኖቹ ከሚያትሙት ቁጥር ይበልጥብኛል፤ ጀበናው ለጌጥ ተቀምጦ እንዳልኖረ ይመሰክራልና። በገበያ አንዳንድ ነጋዴዎች ያልጠቈረውን ሸክላ የጫማ ቀለም እየቀቡ ሲያቀርቡት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ እሳት ሲነካው ክፉ ሽታ ያወጣል፥ ቡናውንም ያበላሻል፤ ገዢ ሆይ፥ ከመግዛትህ በፊት አሽትት!

የሠሪዋን እጅ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጆሮው ከሆዱ ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ይመልከት፤ ያንን መጋጠሚያ በድንጋይ ማሸት ስለሚያስቸግር የአውራ ጣቷ አሻራ ብዙ ጊዜ እዚያ ሳይጠፋ ይገኛል። ስሟን ያልጻፈችው መጻፍ ስለ ተከለከለች አይደለም፤ ጠያቂ ስላልነበራት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ ንቀቱ ከዐዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች እንኳ የሸክላ ጥበባቸው በውጭ አገር ሰው ሲደነቅ በጎረቤት ዘንድ በክፉ ስም ይጠሩ ነበር።

አሁን ስለ አያያዙ ጥቂት ልገሥጽ። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም፤ በቡና አተላ ደጋግሞ ማፍላት ቀዳዳዎቹን ይደፍንለታል። በሳሙና ማጠብ ነውር ነው፤ ሸክላው ሳሙናውን መጥጦ በሚቀጥለው ቡና ይመልሰዋልና። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የቆላ እንግዳ «ይህ ቡና ምነው ዘገየ?» ብሎ እሳቱን ከሚያበዛ ይልቅ መታገሥ ይገባዋል፤ ከሁሉም በላይ በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ወዲያው ይሰነጠቃል። የተሰበሰበውንም ከመደርደሪያ ስታወርዱ በጆሮው አታንጠልጥሉ፤ ጆሮው ለብቻው ተሠርቶ የተለጠፈ ስለሆነ ሲያረጅ በመጀመሪያ የሚለቀው እርሱ ነው፤ በሁለት እጅ ሆዱን ደግፋችሁ አውርዱት።