ውዷን ሲሼልስን በመጠነኛ በጀት መጎብኘት

ሲሼልስ ውድ የምትሆነው አብዛኛው ሸቀጥ ከውጭ ስለሚገባና ቱሪዝሟ በቅንጦት ሪዞርቶች ዙሪያ ስላደገ ነው። የባሕር ዳርቻዎቿ ግን በሕግ የሕዝብ ናቸው፤ ሪዞርት ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ሳይቀር። ስለዚህ ቁጠባው የሚጀምረው ከማደሪያው ነው። በማሄ ደሴት፣ በቦ ቫሎን አካባቢ፣ ኩሽና ያላቸው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ይገኛሉ። ዓሣና ፍራፍሬ ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ገበያ ገዝቶ ማብሰል፣ አልያም ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ሩዝና ካሪ አስጠቅልሎ መውሰድ ከሆቴል እራት በእጅጉ ይረክሳል።

ታክሲ ኪስ ያራቁታል። በማሄና በፕራስሊን ደሴቶች የሕዝብ አውቶቡስ አለ፤ በላ ዲግ ደሴት ደግሞ ብስክሌት ይበቃል። ደሴት በደሴት መዝለል የጀልባ ትኬት ስለሚያበዛ በአንድ ወይም በሁለት ደሴት መወሰን ያዋጣል።

ወቅትም ዋጋ አለው። የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን በጣም ውድ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በዚያው አቅጣጫ ያሉትን ዳርቻዎች በማዕበልና በባሕር አረም ይሞላል፤ በሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ግን ያኔ ይረጋጋል።

በላ ዲግ ዝነኛው የአንስ ሱርስ ዳርዣን ዳርቻ በአንድ ርስት በኩል ስለሚገባበት ያስከፍላል። የግራንድ አንስ ዳርቻ ነፃ ነው፤ ሆኖም ሞገዱ ብርቱ ስለሆነ ለዋና አይመከርም።