ሟች ትቶት ስለ ሄደው ዕቃ

አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ከዘመድ ርቀው በልማት ጣቢያችን ሲያርፉ፣ ልብሳቸውና ጥቂት ገንዘባቸው በሽማግሌዎች ወይም በሠራተኞች እጅ ይቀራል። «ለችግረኛ እንስጠው» የሚለው አሳብ ቶሎ ይመጣል። አሳቡ ደግ ነው፤ ዕቃው ግን የእኛ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ውርሱን አስቀድሞ ለልጆች በእኩል ያደርገዋል፤ ሴት ልጅ ከወንድ አታንስም። «ሬዲዮኑን ለእገሌ ብሎ ነበር» የሚል ክርክርም ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሕጉ የቃል ኑዛዜን ይቀበላል፤ ነገር ግን ሁለት ምስክሮች ሊሰሙት ይገባል፤ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም፤ ተናዛዡም ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል። 500 ብር ያን ጊዜ ብዙ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጥሩ ጋቢ እንኳ አይገዛም።

ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ሁለት እማኞች ባሉበት፣ ዕቃው ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ገንዘቡም ይታሸግ። ያረጀ ነጠላ እንኳ ቢሆን ቤተ ሰብ ሳይጠየቅ አይሰጥ፤ ለእናት ያ ነጠላ ብዙ ነው። ወራሹ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ፈርሞ ይረከባል። ወራሽ ፈጽሞ ከሌለ ሕጉ ሀብቱን ለመንግሥት ያደርገዋል እንጂ ለማኅበራችን አይደለም።